ከዜማው ወደ ፊደሉ

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የእግዚአብሔር ሰላም ከሁላችሁ ጋር ይሁን።

የቄስ ትምህርት ቤት የዋለ ሰው አቡጊዳን አይረሳም። መጀመሪያ «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ» ነው። የኔታ ይላሉ፣ ልጆች ይከተላሉ። ዜማ ስላለው ቶሎ አፍ ላይ ይገባል። ትንሽ ሲቆይ ልጁ ገበታውን ሳያይ ከሀ እስከ ፐ ይወርደዋል። ቤት ውስጥም «ልጃችን ፊደል ቆጠረ» ተብሎ ደስታ ነው። የኔታን ግን ይህ አያታልላቸውም። ስንደዷቸውን አንሥተው ከገበታው መሀል አንዷን ፊደል ይነካሉ። «ይህች ማን ናት?» ልጁ ጸጥ ይላል። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከሀ ተነሥቶ እስኪደርስባት ድረስ አያውቃትም።

አቡጊዳ የሚመጣው ያኔ ነው። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ።» የመጀመሪያው መልክ ግእዙ ከአንዱ ፊደል፣ ሁለተኛው ካዕቡ ከሌላው፣ ሦስተኛው ሣልሱም ከሌላው እየተወሰደ የለመደው ሰልፍ ይበተናል። ዜማው አያድንም። እያንዳንዷን ፊደል በመልኳ ማወቅ ግድ ይሆናል። ይህን የሠሩ አባቶች የሰውን ጠባይ አሳምረው ያውቁ ነበር እላለሁ። በጆሮ ብቻ የገባውን ነገር ያወቅነው እየመሰለን እንደምንኖር ገብቷቸዋል።

ዛሬ ላካፍላችሁ የፈለግሁት ይህንኑ ነው። ብዙዎቻችን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር ያለን ትውውቅ ገና ሀ ሁ ላይ ነው። ጥቅሱን በዜማው እናውቀዋለን። ስብከት ላይ ሰምተነዋል፣ መዝሙር ውስጥ አለ፣ ታክሲ ላይ ተለጥፏል፣ በየማለዳው በቴሌግራም ይላክልናል። ከፊቱና ከኋላው ምን እንዳለ ስንጠየቅ ግን ጸጥ እንላለን።

አንድ ልጥቀስ። «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ» የሚለውን ያልሰማ ማን አለ? ኤርምያስ 29፥11 ነው። ለሠርግ፣ ለአዲስ ዓመት፣ ቪዛ ለሚጠብቅ ወዳጅ እንልከዋለን። ደግ አደረግን፣ ቃሉ ያጽናናል። ግን እስቲ ምዕራፉን ከላይ ጀምራችሁ አንብቡት። ደብዳቤ ነው። ኤርምያስ ከኢየሩሳሌም፣ ተማርከው ባቢሎን ለወረዱት ሰዎች የላከው ደብዳቤ። በመካከላቸው የሌለ ተስፋ የሚሰጡ ሐሰተኞች ነቢያት ነበሩ። ደብዳቤው ምን ይላቸዋል? ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለሄዳችሁባት ከተማ ሰላም ጸልዩ። ከምንወዳት ጥቅስ በፊት ያለው ቁጥር 10 ደግሞ ሰባ ዓመት ይላል። ሰባ! ደብዳቤውን ሲነበብ ከሰሙት ብዙዎቹ መመለሱን በዓይናቸው አያዩም ማለት ነው። የእግዚአብሔር የሰላም አሳብ የደረሳቸው በማይወዱት አገር ላይ ቤት እየሠሩ እንዲኖሩ ከታዘዙ በኋላ ነው። ዛሬ ዋሽንግተን ወይም ቤሩት ወይም ሪያድ ሆኖ አገሩን ለሚናፍቅ ሰው ይህ ምዕራፍ ምን ያህል ቅርብ ነው! አንዷን ጥቅስ ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ግን «ዘንድሮ ይሳካልኛል» ብሎ ይጠብቃል። ዓመቱ ሲያልፍ እግዚአብሔርን ያኮርፋል። ያልተገባለትን ቃል ኪዳን ፈረሰብኝ ይላል።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ የምናውቀው ጃንደረባ እንዲህ አላነበበም። በትውፊታችን ባኮስ እንለዋለን። የንግሥት ህንደኬ ሹም ነው፣ በገንዘቧ ሁሉ ላይ የሠለጠነ። ኢየሩሳሌም ሰግዶ ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ፊልጶስ ሮጦ ሲደርስ ሲያነብ ሰማው ይላል። ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር የሚያነበው ማለት ነው። ምንባቡ እንደ በግ ወደ መታረድ ተነዳ የሚለው የኢሳይያስ 53 ቃል ነው። ንባቡ አልከበደውም። የከበደው ነቢዩ ይህን ስለ ማን እንደተናገረ ነው። ያን የሚያህል ባለሥልጣን መንገድ ላይ ያገኘውን እግረኛ «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ለማለት አላፈረም። ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥም ለመነው።

እኔ ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር የምቆመው አብሮ መቀመጡ ላይ ነው። ፊልጶስ መልሱን ከመንገድ ዳር ወርውሮለት አልሄደም። ሠረገላው ላይ ወጣ። አጠገቡ ተቀመጠ። ሰውየው ከሚያነበው ከዚያው ቃል ተነሥቶ ስለ ኢየሱስ ነገረው። ጥምቀቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

በቤተ ክርስቲያናችንም ንባብ እንዲሁ ነው የኖረው። ከሰው አፍ ተቀብለን ለሰው ጆሮ እናደርሰዋለን። ንባብ ቤት የገባ ልጅ በድምፅ አጣጣሉ የቱ ቃል ተነሽ፣ የቱ ወዳቂ፣ የቱ ተጣይ፣ የቱ ሰያፍ እንደሆነ የሚለየው ከመምህሩ ሰምቶ ነው። ማታ ማታ ደግሞ ከፍ ያሉት ተማሪዎች ያስቀጽሉታል፣ በቃል ያስጠኑታል። ብቻውን ማንበብ የተማረ የለም። ኋላ ዲያቆን ሲሆን እርሱም በተራው ለሕዝብ ያደርሳል። በቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ ከጳውሎስ፣ ንፍቅ ማለትም ረዳት ዲያቆኑ ከሰባቱ መልእክታት፣ ንፍቅ ካህኑ ከግብረ ሐዋርያት ያነባሉ። ወንጌሉ የካህኑ ነው። ሕዝቡ ቆሞ ይሰማል። ራእይ 1፥3 ላይም የሚያነበውና የሚሰሙት፣ የተጻፈውንም የሚጠብቁት በአንድ ላይ ብፁዓን ተብለዋል።

ልጁ ፊደልና አቡጊዳ ጨርሶ መጀመሪያ የሚያነበው ምን እንደሆነስ አስተውላችኋል? የመጀመሪያውን የዮሐንስ መልእክት ነው። በተማሪ ቤት ቋንቋ «ሐዋርያ» ይባላል። ወንጌል ከዚያ በኋላ ነው፣ ዳዊትም ከዚያ። መልእክቷ አምስት ምዕራፍ ብቻ ናት። ሐዋርያው በውስጧ «ልጆቼ ሆይ» እያለ ይጽፋል። መሬት ላይ እግሩን አጥፎ የተቀመጠ ሕፃን፣ በሕይወቱ መጀመሪያ ያነበበው መጽሐፍ «ልጆቼ» ብሎ ይጠራዋል። ያየውን ወንድሙን የማይወድ ያላየውን እግዚአብሔርን ሊወደው እንዴት ይችላል ብሎም ይጠይቀዋል። ግእዙ ያኔ ላይገባው ይችላል። የሚገባው ቀን ሲመጣ ግን ቃሉ ቀድሞት በአፉ አለ።

እዚህ ላይ የሚያሳዝነኝን ልናገር። ንባብ ቤት የሚላኩት በአብዛኛው ወንዶች ልጆች ነበሩ። ብዙ እናቶቻችን ቃሉን በጆሯቸው ብቻ ይዘው ኖሩ። የዕለት ኑሮውም ቀላል አልነበረም። ልጅ ከውትድርና ወይም ከሩቅ ከተማ ደብዳቤ ሲልክ ፖስታው የሚከፈተው በጎረቤት ተማሪ እጅ ነው። እናት የልጇን ናፍቆት፣ ሕመሙን፣ የገንዘቡን ጉዳይ ከሰው አፍ ትሰማለች። መልሱንም ታስጽፋለች። ሆዷ ውስጥ ያለውን ሁሉ ግን አታስጽፍም። በሰው ልጅ ፊት እንዴት ተብሎ! የገዛ ደብዳቤዋ የራሷ አልነበረም።

ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ብዙዎቹ በጎልማሳነታቸው ደብተር ያዙ። ዘመቻው እየሰፋ ሄዶ እስከ 15 በሚደርሱ ቋንቋዎች ተሰጥቷል። የዚያ ዘመን መንግሥት ለሃይማኖት ምን ዓይነት ፊት እንደነበረው የታወቀ ነው። የእግዚአብሔር ሥራ ግን ድንቅ ነው። ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ በቆጠሩት ፊደል ስንት እናቶች ዳዊት ደገሙበት፣ ውዳሴ ማርያም አደረሱበት!

ሁሉም ግን ዕድሉ አልደረሳቸውም። በሰፈራችን ያሉ አንዲት እናት ፊደል የቆጠሩት የልጅ ልጅ ካዩ በኋላ ነው። ያስተማረቻቸውም ያችው የልጅ ልጃቸው ናት፣ ማታ የቤት ሥራዋን ስትጨርስ። እማማ ውዳሴ ማርያምን ከልጅነታቸው ጀምሮ በቃላቸው ያውቁታል። መጽሐፉ ሲሰጣቸው ገጹን እያዩ ውርድ አድርገው አሉት። ልጅቷ ግን ብልህ ናት። ጣቷን ገጹ መሀል ላይ አሳረፈችና «እማማ፣ ይቺስ ምን ትላለች?» አለቻቸው።

«ቆይ፣ ከላይ ልጀምርልሽ።»

«አይ፣ ከላይ አይሆንም። እሷን ብቻ ይንገሩኝ።»

እማማ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አደረጉ። ጣታቸውን ከልጅቷ ጣት አጠገብ አኖሩ። «ሰ» አሉ። ቆዩ። «አ»። ሦስተኛዋ ላይ ትንሽ ተቸገሩ፣ ከታች ወደ ቀኝ የወጣችውን ቅጥያ በጥፍራቸው ነካ ነካ አደረጓት። «ሊ። ሰ-አ-ሊ። ሰአሊ!» ከዚያ ሳቅ። «ሰአሊ ለነ ቅድስት» ዕድሜ ልካቸውን ያሉት ጸሎት ነው። በዓይናቸው የተዋወቁት ግን ያን ምሽት ነው። ዛሬ እኚህ እናት ዕድር ላይ በጣታቸው አይፈርሙም። ስማቸውን ይጽፋሉ፣ ጊዜ ወስደው፣ አንዷንም ፊደል ሳይዘሉ።

ይህን ስል ማንበብ የማይችል ሰው በእግዚአብሔር ፊት ያንሳል እንዳይመስላችሁ። በግብፅ በረሃ ስለነበሩ አንድ አባት የሚነገር ታሪክ አለ። ፊደል አያውቁም ነበርና መዝሙር እንዲያስተምራቸው ወደ አንድ ሰው ሄዱ። በአንደበቴ እንዳልበድል መንገዴን እጠብቃለሁ የሚለውን የመጀመሪያውን ቃል ሲሰሙ፣ ይህን በሥራ ከተማርሁት ይበቃኛል ብለው ተነሡ። ወራት አለፉ። ለምን እንደቀሩ ሲጠየቁ ያችን አንዷን ገና አልፈጸምኋትም አሉ። ከብዙ ዓመት በኋላም መልሳቸው ከዚህ ብዙ አልራቀም። እኛ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ ስልካችን ላይ ጭነን እንዞራለን። ማንበብ መቻላችን የሚያስጠይቀን እንጂ የሚያስመካን አይደለም።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንምጣ። በዚህ ሳምንት የመጀመሪያውን የዮሐንስ መልእክት ክፈቱ። በቀን አንድ ምዕራፍ፣ ድምፅ አውጥታችሁ፣ ጠዋት ቲክቶክና ዩቲዩብ ከመከፈታቸው በፊት። ያልገባችሁ መስመር ላይ ምልክት አድርጉና የንስሐ አባታችሁን ወይም መምህራንን ጠይቁ። ጃንደረባው ጠይቋል። ጥቅስ ሲላክላችሁም ወደ ሌላ ሰው ከማሳለፋችሁ በፊት ምዕራፉን ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ እዩት።

ቤታችሁ ውስጥ ማንበብ የማይችሉ ወይም ዓይናቸው የደከመ አባትና እናት ካሉ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ አንብቡላቸው። ሰኞ ከሆነ የዳዊቱ ድርሻ ከመዝሙር 1 እስከ 30 ነው። ያ ከበዛባችሁ አንድ ንጉሥ፣ ማለትም ዐሥሩን መዝሙር ብቻ። አትቸኩሉ። እነርሱ በቃላቸው ከሚያውቁት ጋር ስትደርሱ ዝም በሉና እነርሱ ይጨርሱት።

በውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ሌላ ዕድል አላችሁ። ልጆቻችሁ እንግሊዝኛውን እንደ ውኃ ያነቡታል፣ ፊደሉን ግን አያውቁትም። ከአገር ቤት የመጡት አያት ጸሎቱን ያውቁታል፣ ገጹን ግን አያነቡትም። ሁለቱን አንድ ገበታ ፊት አስቀምጧቸው። ልጁ ፊደሉን ከሰንበት ትምህርት ቤት ያምጣ፣ አያት ቃሉን ከልባቸው ያምጡ።

መማር የሚፈልግ ትልቅ ሰው ስታስተምሩ ከራሱ ስምና በቃሉ ከሚያውቀው ጸሎት ጀምሩ። ፊደሏን ከመሀል እየጠቆማችሁ ጠይቁ። ሲሳሳት በሰው ፊት አታርሙት። ቀኑን ረጅም አታድርጉት፣ ከቅዳሴ በኋላ ያለችው ግማሽ ሰዓት ትበቃለች። የፊደል ገበታው በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ መጻሕፍት ከሚሸጡት ዘንድ ይገኛል። ከዚያ ሌላ የሚያስፈልጋችሁ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።