«ከከተማ ወጣችሁ ወይ?»፦ ስለ ደሴ ዳር ሰፈሮች የሚባለውና እውነታው

ከደሴ መሃል፣ ከፒያሳ አካባቢ ለቀን ዳር ሰፈር ቤት ስንገባ ዘመድ ሁሉ ያጽናናን ጀመር። አንዱ «አብሽሩ፣ ይለመዳል» ይላል። ሌላዋ «ከከተማ ወጣችሁ ወይ?» ብላ ከንፈሯን ትመጥጣለች። ሐዘን የተቀመጥን እንጂ ቤት የሠራን አንመስልም ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ደሴ ዳርቻ የሚወራውን እያዳመጥሁ እገረማለሁ። ደጋግመው የሚነሡትን ልያዛቸው።

«ታሪክ ያለው መሃል ከተማው ነው፤ ዳር ሰፈር ትናንት የተወለደ ነው።»

ይህን በደሴ ዳርቻ ላለው ለቦሩ ሜዳ ሰው ብትነግሩት ይስቅባችኋል። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በስፍራው ሰፍረው ሳሉ ጅራታም ኮከብ አይተው ከተማዋን ደሴ እንዳሏት ይተረካል፤ ዘመኑ 1870ዎቹ አጋማሽ ነው። መናገሻ ያደረጓትና አይጠየፍ አዳራሽን ያሠሩባት ደግሞ በኋላ ንጉሥ የሆኑት ራስ ሚካኤል ናቸው። የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ግን ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። ዐፄ ዮሐንስና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ተገኝተው የቤተ ክርስቲያኒቱን የሃይማኖት ክርክር ያስቋጩት በግንቦት 1870 ዓ.ም. ነው። ራስ ሚካኤልም ክርስትና ተነሥተው መሐመድ አሊ የሚለውን ስማቸውን የለወጡት ጉባኤውን ተከትሎ ነው። እንግዲህ ዛሬ «ዳር» የምንለው ሜዳ፣ መሃሉ ገና ስም ሳይወጣለት የአገር ጉዳይ ይታይበት ነበር።

ቦሩ ሜዳ ከተነሣች ሌላም አለ። ሆስፒታሉ በሥጋ ደዌ ሕክምና ስለ ጀመረ እስከ ዛሬ «እዚያ ሰፈር ቤት ትሠራለህ?» የሚል አይጠፋም። ሆስፒታሉ ዛሬ ጠቅላላ ሆስፒታል ነው። ሥጋ ደዌም ቢሆን በቀላሉ የሚተላለፍ በሽታ አይደለም፤ በመድኃኒት ይድናል፤ ሕክምናውን የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ማስተላለፉን ያቆማል። መድኃኒቱ ከተገኘ ስንት ዘመኑ፤ የወሬው መድኃኒት ነው የጠፋው።

«ከፍታ ላይ ያለ ቤት ጎርፍ አይነካውም፤ አስተማማኝ ነው።»

ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። ደሴ በምዕራብ በጦሳ ተራራ፣ በምሥራቅ በአዝዋ ገደል ተይዛ የተቀመጠች ከተማ ናት። መሃሉ ሲሞላ የቀረው መንገድ ዳገቱን መውጣት ነውና ሰው ዳገቱን ወጣ። እውነት ነው፣ ጎርፍ እዚያ አይተኛም። ችግሩ ግን ከላይ ከሚወርደው ውሃ ይልቅ ከሥር በሚሰርገው ነው። የአካባቢው ጥቁር ድንጋይ በዘመናት ብዛት እየበሰበሰ ሸክላማ አፈር ሆኗል። ይህ አፈር በበጋ እንደ ጡብ ይጠነክራል፤ ሐምሌና ነሐሴ ውሃ ሲጠግብ ግን ያብጣል፣ ይከብዳል፣ ይንሸራተታል። እኛ ደግሞ እናግዘዋለን። ቦታ ለመደልደል የዳገቱን እግር ቆርጠን፣ የቆረጥነውን አፈር ወደ ታች ገፍተን፣ በተገፋው ልቅ አፈር ላይ ቤት እናቆማለን።

አንድ ጎረቤታችን ነሐሴ በገባ ቁጥር በሩ አልዘጋ ይለው ነበር። «እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ነው» እያለ ጫፉን በመላጊያ ይልጋል። በሦስተኛው ክረምት ከመስኮቱ ማዕዘን የተነሣ ስንጥቅ ወደ ጣሪያው ወጣ። የተጠሩት ሽማግሌ ግንበኛ በሩን ዞር ብለው እንኳን አላዩትም፤ በቀጥታ ወደ ጓሮ አለፉ።

«ልጄ፣ የአሸንዳው ውሃ የት ነው የሚወርደው?»

«እዚሁ ነው አባባ፣ ከግድግዳው ሥር።»

«የሽንት ቤቱ ጉድጓድስ?»

«ከቤቱ በላይ ነው።»

እጃቸውን ከወገባቸው አላነሡም። «እንግዲያ በሩን ለምን ትቀጣዋለህ? የሄደው ቤቱ ነው።»

ከጓሮ ያሉትን ባሕር ዛፎችም አሳዩን፤ ግንዳቸው ከሥሩ ጎብጦ ወደ ላይ ቀና ብሏል። አፈሩ ቀስ እያለ ዛፉን ወደ ታች ሲያዘም ዛፉ ወደ ላይ ተመልሶ ይቃናል፤ ያ ጉብጠት የመሬቱ የጉዞ ማስታወሻ ነው። ጎረቤታችን የጣሪያውን ውሃ በቱቦ ወደ ቦዩ አወጣ፤ ከጓሮ ያለውን የድጋፍ ግንብም ውሃ የሚተነፍስበት ቀዳዳ እንዲኖረው አድርጎ አስገነባው። ቀዳዳ የሌለው ግንብ ከበስተኋላው ውሃ ያቁራል፤ ውሃውም አንድ ሌሊት ገፍቶ ይጥለዋል። እንደኔ ከሆነ በደሴ ዳገት ቦታ ሊገዛ የሚፈልግ ሰው ከካርታው በፊት ባሕር ዛፉን ቢያይ ይሻለዋል፤ ያውም በነሐሴ።

«ዳር ሰፈር ርካሽ ነው።»

ቦታው አዎ። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ደምሩት፦ አሸዋና ድንጋይ ዳገት የሚወጣበት ወጪ፣ ክረምት ላይ ጭቃ ፈርቶ አልሄድም የሚለው ባጃጅ፣ ቧንቧው የሚጠፋበት ሳምንትና ውሃ የሚጭነው አህያ። እኛ ደምረን ዝም አልን።

«ደሴ ሁሉም ብርድ ነው፤ ዳሩ ደግሞ ይብሳል።»

ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ብርድ መኖሩን ማን ይክዳል? ዋናው ነገር ግን ቤቱ ከየትኛው ተራራ ሥር ነው የሚለው ነው። ጦሳ ሥር ያለ ሰው የጠዋት ፀሐይ ቀድሞ ያገኛል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ጥላው ቶሎ ይወርድበታል። በአዝዋ በኩል ያለው ጠዋት ይቆፈንና ማምሻውን ይሞቃል። ልብስ አጣቢ ይህንን ከማንም በላይ ታውቃለች። ሜዳ ላይ ያሉ ሰፈሮችስ? ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነውና ጥርት ባለ ሌሊት ከዳገቱ ወርዶ ሜዳው ላይ ይተኛል፤ ውርጩ የሚብሰው እዚያ ነው። ከዳገቱ ወገብ ላይ ያለ ቤት ከሜዳው ይሻላል፤ የመሬቱ ነገር ባይኖር።

«ኮምቦልቻ እኮ የደሴ ዳር ሰፈር ናት።»

ይህን ኮምቦልቻ ላይ ጮክ ብላችሁ አትናገሩ። ርቀቱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሐረጎ ጠመዝማዛ በኩል የሚወረደው ቁልቁለት ግን ከ500 ሜትር ይበልጣል። ሚኒባሱ መውረድ ሲጀምር ጆሮ ይደፈናል፤ ግማሽ መንገድ ላይ አንዷ ጋቢዋን ታወርዳለች፣ አንዱ ጃኬቱን ያወልቃል፣ ከዚያ ስለ መስኮቱ ክርክር ይነሣል። ኮምቦልቻ ስንደርስ ደሴ የተሳፈርነው እኛው መሆናችን ያጠራጥራል። ኮምቦልቻ የራሷ አስተዳደር አላት፤ የጨርቃ ጨርቅና የቢራ ፋብሪካ አላት፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክም አላት። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ የባቡር መስመር የሚያልፈው በእርሷ በኩል ነው፤ አውሮፕላን ለመሳፈርም ወደ እርሷ የምንወርደው እኛው ነን። እንዲያውም ቅሬታ ካለ የእርሷ ነው፤ ቦርከና ደሴን አቋርጦ ወደ እርሷ ስለሚወርድ እኛ ወንዝ ውስጥ የጣልነውን እርሷ ታያለች።

«ዳር ሰፈር የማይተዋወቅ ሰው ጥርቅም ነው።»

በመጀመሪያው ወር እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። አንዱ ከአምባሰል፣ አንዱ ከኩታበር፣ አንዱ ከወሎው ቦረና የመጣ፤ አንዱ ለጁምዓ ሲሄድ አንዱ ለኪዳን ይነሣል። ወሎን በዘፈን ብቻ የሚያውቅ ሰው ይህ ሁሉ ያለ ድካም የሚዋደድ ይመስለዋል፤ እሱም ስሕተት ነው። በአጥር ስንዝር፣ በቦይ አቅጣጫ፣ በሰው ጓሮ በገባች ፍየል እንጣላለን። የሚያስታርቀን ቅሬው ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። መንገዱ አስፋልት ሳያይ፣ የመብራት ምሰሶው ሳይቆም፣ ሰፈሩ ቅሬ ነበረው። ድንኳኑም አካፋውም በተራ በየቤቱ ይቀመጣል፤ ሙስሊም ሲሞት ክርስቲያኑ ይቆፍራል፣ ክርስቲያን ሲሞት ሙስሊሙ። የቀረ ይቀጣል።

እኔም ተቀጥቻለሁ። አንድ ማክሰኞ ቀብር አምልጦኝ በስብሰባው ፊት ቆምሁ።

«የት ነበርህ?» አሉኝ ሰብሳቢው።

«ይቅርታ አባባ፣ ከተማ ሄጄ ነበር።»

«የቱ ከተማ?»

ፒያሳ ማለት አፈርሁና ቅጣቱን ከፍዬ ተቀመጥሁ።