ስለ ቼሎ ታሪክ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቼሎ ከቫዮሊን ቤተሰብ የሆነ፣ በእግር መካከል ተይዞ በደጋን የሚጫወቱት ትልቅ ባለ አራት ክር መሣሪያ ነው። ስለ ቼሎ የሚነገሩ ብዙ የተሳሳቱ ነገሮች ምንጫቸው አንድ ነው፤ መሣሪያውም ሙዚቃውም ከመጀመሪያው ዛሬ የምናውቀውን መልክ ይዘው የመጡ ይመስላል። ቼሎ ግን ከተሠራ በኋላ አካሉ የተቆረጠ፣ አንገቱ የተለወጠ፣ ከሥሩ ዘንግ የተጨመረለት፣ ኖታውም በብዙ እጅ ያለፈ መሣሪያ ነው። ይህን ያላወቀ ተማሪ የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የባኽን ስዊት (ለብቻው ለሚጫወት ቼሎ የተጻፈ ባለ ብዙ ክፍል ሙዚቃ) ሲያጠና ሁለት እትሞች ለምን እንደማይስማሙ ግራ ይገባዋል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ቼሎ ከቪዮላ ዳ ጋምባ የተወለደ ነው»

አይደለም። ሁለቱም ቁመው በእግር መካከል ስለሚያዙና በደጋን ስለሚጫወቱ ይመሳሰላሉ እንጂ ዘራቸው የተለያየ ነው። ጋምባ ስድስት ወይም ሰባት ክር አለው፤ አንገቱ ላይ ከጅማት (ከበግ አንጀት ከተሠራ ክር) የሆኑ ፍሬቶች፣ ማለትም የጣት ቦታን የሚለዩ እርከኖች፣ ይታሰሩበታል፤ ጀርባው አብዛኛውን ጊዜ ጠፍጣፋ ነው፤ ደጋኑም መዳፍ ወደ ላይ ሆኖ ይያዛል። ቼሎ አራት ክር አለው፤ ፍሬት የለውም፤ ጀርባው ጎበጥ ያለ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ኢጣሊያ የቫዮሊን ቤተሰብ ባስ ሆኖ የተነሣ መሣሪያ ነው። ሁለቱ ለረጅም ዘመን ጎን ለጎን፣ አንዳንዴም በፉክክር ኖረዋል። በ1740 እንኳ ሁበር ለ ብላን የተባለ ፈረንሳዊ ጋምባን ከቼሎ የሚከላከል መጽሐፍ አሳትሟል።

«መጠኑ ከጥንት ጀምሮ ይሄው ነው»

የጥንቶቹ ቼሎዎች ከዛሬዎቹ ይተልቁ ነበር፤ ምክንያቱም ክሩ ነው። የአንድን ክር ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርጉት ርዝመቱ፣ ውጥረቱና ክብደቱ ናቸው። በተራ ጅማት ወፍራም ድምፅ ለማውጣት ወይ ክሩን ማርዘም ወይ ማወፈር ያስፈልጋል። በጣም የወፈረ ጅማት ደግሞ ግትር ስለሚሆን ደጋኑን ቶሎ አይቀበልም፤ ድምፁም ይታፈናል። ስለዚህ ሠሪዎቹ አካሉን ማርዘም ግድ ሆነባቸው። በዚያ ላይ በብዙ ቦታ ቅኝቱ ከዛሬው በአንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ያለ ነበር፤ በዶ፣ ሶል፣ ሬ፣ ላ ፋንታ ሲ ቤሞል (ከሲ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ)፣ ፋ፣ ዶ፣ ሶል።

በ1660ዎቹ አካባቢ ጅማትን በቀጭን ሽቦ መጠቅለል ሲለመድ ነገሩ ተለወጠ። ሽቦው ክሩን ሳያገትረው ክብደት ይጨምርለታል፤ ስለዚህ አጭር ክርም ወፍራሙን ድምፅ በንጽሕና ያወጣል። በኢጣሊያ የክሬሞና ከተማ መሣሪያ ሠሪ የነበረው አንቶኒዮ ስትራዲቫሪ ቀድሞ ወደ 80 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ አካል ይሠራ ነበር፤ ከ1707 ገደማ ጀምሮ ግን ወደ 75 እና 76 ሳንቲ ሜትር ወረደ። የዛሬ ሠሪዎች የሚከተሉት ይህንኑ ልክ ነው።

የቀድሞዎቹ ትልልቅ ቼሎዎችስ? ብዙዎቹ በመጋዝ ተቆርጠው ተቀነሱ። አንድሪያ አማቲ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የሠራውና ዛሬ በአሜሪካ ደቡብ ዳኮታ በቨርሚሊየን ከተማ ሙዚየም የሚገኘው «ንጉሡ» የተባለው ቼሎ አንዱ ነው። በፈረንሳዩ ንጉሥ ቻርልስ 9ኛ አርማ ያጌጠ ነበር፤ አካሉ ሲቆረጥ ከሥዕሉም አብሮ ስለሄደ ጉድለቱ ዛሬም ይታያል። ሳይቆረጡ የተረፉትም ቢሆኑ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ አንገታቸው ወደ ኋላ ዘንበል ባለ አዲስ አንገት ተተክቷል። ስለዚህ ዛሬ በመድረክ የምንሰማው የስትራዲቫሪ ቼሎ ሠሪው ከመሥሪያው ሲያወጣው የነበረውን ድምፅ ይሰጣል ማለት አይቻልም።

«የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ያለው ቼሎ የተበላሸ ነው»

ይህም ከመጠኑ ጋር ይያያዛል። ቼሎ ከቫዮሊን አንድ ኦክታቭና (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት) አንድ አምስተኛ (ከዶ እስከ ሶል ያለው ርቀት) ዝቅ ይላል፤ በቫዮሊን ሚዛን ቢሠራ አካሉ ሦስት እጥፍ ያህል መሆን ነበረበት። ግን እጥፍ ገደማ ብቻ ነው፤ የጎደለው በጎኑ ጥልቀትና በክሮቹ ክብደት ይካካሳል። ለዚህ ግን የሚከፈል ዋጋ አለ። ብዙ ጊዜ ከሚ እስከ ፋ ዲዬዝ (ከፋ በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ) ባለው አካባቢ የክሩ ንዝረት ከአካሉ የራሱ ንዝረት ጋር ይገጥምና ድምፁ ይርገበገባል፤ ሙዚቀኞች «ተኩላ» ይሉታል። እጅግ ውድ በሆኑ አሮጌ ቼሎዎችም ላይ አለ። መፍትሔው በብርኩማውና (ክሮቹን ደግፎ በሚያቆመው እንጨት) በክር ማሰሪያው መካከል፣ በሶል ወይም በዶ ክር ላይ፣ ውስጡ ጎማ ያለው ትንሽ የነሐስ ቱቦ መግጠም ነው። የሚርገበገበውን ድምፅ እየተጫወቱ ቱቦውን በጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ዝቅ ያድርጉት፤ መርገብገቡ የሚቀንስበት ቦታ ላይ ብሎኑን ያጥብቁ። ድምፁ ከፈዘዘ ቦታው አልተገኘም ማለት ነው። ቱቦው በሌለበት ጊዜ የቼሎውን ጎን በጉልበት ጠበቅ ማድረግም ይረዳል።

«ክሩ የፈረስ ጭራ ነው»

የፈረስ ጭራ ያለው ደጋኑ ላይ ብቻ ነው። ክሩ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በአብዛኛው የበግ አንጀት ነበር፤ ዛሬ በብዛት ብረት ነው። ለእኛ ለማስታወስ ቀላል ነው፤ ደጋኑ እንደ ማሲንቆ፣ የጥንት ክሩ እንደ በገና።

«ከሥሩ የሚወጣው ዘንግ ሁልጊዜም ነበረ»

በባኽና በኦስትሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ በሃይድን ዘመን፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ ቼሎ በአብዛኛው በባት መካከል ተጣብቆ ነበር የሚያዘው። ዘንጉን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስለመደው ቤልጅጋዊው ቼሎ ተጫዋች አድሪያን ፍራንስዋ ሰርቬ (1807–1866) ነው። ያኔም ሁሉም አልተቀበለውም፤ ታላቁ ኢጣሊያዊ ቼሎ ተጫዋች አልፍሬዶ ፒያቲ ያለ ዘንግ መጫወቱን ቀጥሏል። ዘንጉ ሲስተካከል የጀርባው ላይኛ ጫፍ ደረት አጥንት ላይ ያርፋል፤ የዶ መቃኛም ከግራ ጆሮ ጀርባ ይሆናል። ካጠረ ጀርባ ይጎብጣል፤ ከረዘመ ትከሻ ወደ ላይ ይሰቀላል።

«ሴቶች የጀመሩት በቅርቡ ነው»

በቬኒስ፣ የሙዚቃ ደራሲው ቪቫልዲ ያስተምርበት በነበረው የፒዬታ ማሳደጊያ፣ ልጃገረዶች በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቼሎ ይጫወቱ ነበር። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ሜንደልሶንም ኦፐስ (የሥራ ቁጥር) 109 የሆነውን ሥራውን ያበረከተው ለፈረንሳዊቷ ቼሎ ተጫዋች ሊዛ ክሪስቲያኒ ነው።

«ካዛልስ የጠፉትን የባኽ ስዊቶች አገኘ»

ይህ ታሪክ ደስ ስለሚል ማንም ሊያርመው አይፈልግም። ስፔናዊው ቼሎ ተጫዋች ፓብሎ ካዛልስ በ1890፣ በ13 ዓመቱ፣ በባርሴሎና አንድ መደብር ውስጥ ኖታውን ማግኘቱ እውነት ነው። ያገኘው ግን የታተመ መጽሐፍ ነው! ስዊቶቹ በ1824 ፓሪስ፣ በ1826 ደግሞ ላይፕሲግ ታትመዋል፤ የሙዚቃ ደራሲው ሹማን በ1853 የፒያኖ አጃቢ ጽፎላቸዋል፤ የካዛልስ ቅጂም በጀርመናዊው ቼሎ ተጫዋች በፍሪድሪኽ ግሩትስማኸር የተሰናዳ ነበር። የካዛልስ ትልቅ ሥራ ሌላ ነው፤ እንደ መልመጃ ይታዩ የነበሩትን ስዊቶች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በመድረክ አቀረበ፤ ከ1936 እስከ 1939 ባለው ጊዜም ስድስቱንም ቀረጸ።

የጠፋው ሌላ ነገር ነው፤ የባኽ የራሱ የእጅ ጽሑፍ። ያለን ዋናው ምንጭ የሚስቱ የአና ማግዳሌና ግልባጭ ነው፤ ከእሱ ሌላ ኬልነር የተባለ የኦርጋን ተጫዋች በ1726 የገለበጠው አለ። በአና ማግዳሌና ግልባጭ በአንድ ደጋን የሚጫወቱትን ድምፆች የሚያሳዩት ቅስቶች የት ጀምረው የት እንደሚያልቁ ብዙ ቦታ አይለይም። እትሞች የማይስማሙት በዚህ ምክንያት ነው።

አምስተኛው ስዊት የተጻፈው የላ ክር ወደ ሶል ወርዶ እንዲጫወት ነው። በተለመደው ቅኝት ሲጫወቱት ከአንዳንድ ኮርዶች (አብረው ከሚሰሙ ድምፆች) ድምፅ መጣል ግድ ይሆናል። አንዱን ክር ሲያላሉ የሦስቱ ቅኝት በትንሹ ከፍ ስለሚል ሁሉንም እንደገና መቃኘት ያስፈልጋል። እትሙም የሚሰማውን ድምፅ ሳይሆን ጣት የሚያርፍበትን ሊጽፍ ይችላል፤ ሳያረጋግጡ የጀመሩት እንደሆነ ላይኛው ክር ላይ ያለው ሁሉ በአንድ ድምፅ ይሳሳታል። ስድስተኛው ደግሞ ከላይ ተጨማሪ የሚ ክር ላለው ባለ አምስት ክር መሣሪያ ነው። በአራት ክር ሲጫወት አውራ ጣት ወደ ክሩ ላይ መውጣት ያለበት ለዚህ ነው እንጂ ባኽ ሰው ለማስቸገር ፈልጎ አይደለም።

«የሃይድንና የቦኬሪኒ ኮንቼርቶዎች እንደተጻፉ ደርሰውናል»

የሃይድን የሬ ሜጀር ኮንቼርቶ (ለቼሎና ለኦርኬስትራ የተጻፈ ሥራ፣ 1783) ለረጅም ጊዜ በዘመኑ የነበረው ቼሎ ተጫዋች የአንቶን ክራፍት ነው ሲባል ቆይቶ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የሃይድን የእጅ ጽሑፍ ሲገኝ ክርክሩ ቆመ። የዶ ሜጀሩ በሃይድን የራሱ መዝገብ ላይ መነሻ ዜማው ብቻ ተጽፎ፣ ሙዚቃው እስከ 1961 አይታወቅም ነበር፤ በዚያ ዓመት ፕራግ ውስጥ ተገኘ።

የኢጣሊያዊው ቼሎ ተጫዋችና የሙዚቃ ደራሲ የቦኬሪኒ የሲ ቤሞል ኮንቼርቶ ግን ከሁሉም የባሰ ነው። ብዙ ተማሪ የሚያጠናው ግሩትስማኸር በ1895 ያሳተመውን ነው፤ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ክፍል ቀይሮ፣ ቀስ ያለውን መካከለኛ ክፍል ከሌላ የቦኬሪኒ ኮንቼርቶ አምጥቶ ተክቶበታል። ኖታ ሲገዙ ሽፋኑ ላይ የግሩትስማኸር ስም ካለ ይህኛው ነው። ቦኬሪኒ የጻፈውን የሚፈልግ የቦኬሪኒን ሥራዎች በሚዘረዝረው በጄራር ካታሎግ ቁጥር 482 ብሎ ይጠይቅና ከመክፈሉ በፊት መካከለኛውን ክፍል ያስተያይ።