«ድረ ገጽ ገንዘብ አያመጣም» እና ሌሎች የጀማሪ ኩባንያዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

አዲስ ኩባንያ የከፈቱ ወጣቶች ስለ ድረ ገጽ ሲያወሩ ብዙ ጊዜ ከሁለት ንግግሮች አንዱ ይሰማል። አንደኛው «ብሎግ ከፍተን በማስታወቂያ እንበላለን» ነው፤ ሁለተኛው «ድረ ገጽ ድሮ ቀረ፣ አሁን ቴሌግራም ነው»። ሁለቱም ወገኖች ገጹን ማን እንደሚከፍተውና ምን ቸግሮት እንደመጣ ሳይጠይቁ ነው የሚጀምሩት።

ነገሩን ለማየት እንዲመቸን ለአነስተኛ ድርጅቶች የደመወዝ ሶፍትዌር የሚሸጥ አንድ ጀማሪ ኩባንያ እናስብ። ኩባንያው የለም፣ እኔ የፈጠርኩት ነው፤ ሕጉና የግብር ስሌቱ ግን እውነተኛ ነው።

«ገጹ የሚከፍለን ማስታወቂያ ሲለጠፍበት ነው»

የጎግል አድሴንስን፣ ማለትም ጎግል ገጻችሁ ላይ ማስታወቂያ አሳይቶ ገቢውን የሚያካፍልበትን አገልግሎት፣ ስም ያልሰማ የለም፤ አሠራሩን ግን ጠጋ ብሎ ያየ ጥቂት ነው። ሒሳባችሁ 10 ዶላር ሲደርስ የአድራሻ ማረጋገጫ ቁጥር በፖስታ ይላክላችኋል። የፖስታ ሣጥን ቁጥር የሌለው ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል። ገንዘቡ መውጣት የሚችለው ደግሞ 100 ዶላር ሲሞላ ነው። ለአንድ ሺህ እይታ 1 ዶላር ይገኛል ብለን ብንገምት እንኳ የመጀመሪያዋን ክፍያ ለማየት 100 ሺህ እይታ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ አድሴንስ የሚቀበላቸው ቋንቋዎች ዝርዝር አለው፤ አማርኛ ለዓመታት ከዝርዝሩ ውጪ ሆኖ ቆይቷል። ጽሑፍ ማዘጋጀት ከመጀመራችሁ በፊት ዝርዝሩን ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ይህን ሳያዩ ወራት የደከሙ ሞልተዋል።

ሀገር ውስጥ የቆዩት ገጾች ገቢ የሚያገኙበት መንገድ ሌላ ነው። ኢትዮጆብስ ላይ ሥራ ፈላጊው በነጻ ያያል፣ የሚከፍለው ቀጣሪው ነው። 2መርካቶ ዶት ኮም ስለ ንግድ አሠራር ብዙ ነገር በነጻ ያስነብባል፤ የጨረታ ማስታወቂያ ተለቅሞና በየዘርፉ ተደርድሮ እንዲደርሰው የሚፈልግ ነጋዴ ግን የደንበኝነት ክፍያ ይከፍላል። ጨረታውማ ጋዜጣ ላይም ወጥቷል። ነጋዴው የሚከፍለው ጋዜጣ ሁሉ ከማገላበጥ ስለሚገላገል ነው።

ወደ ደመወዝ ሶፍትዌሩ ኩባንያ እንመለስ። ገጹን በወር የሚያየው ሦስት መቶ ሰው ብቻ ቢሆንስ? ሦስት መቶውም የሒሳብ ሠራተኞችና የድርጅት ባለቤቶች ከሆኑ፣ ከእነሱ ሁለት ሦስቱ ሶፍትዌሩን ቢገዙ፣ በማስታወቂያ ዓመቱን ሙሉ የማይለቀም ገንዘብ ነው። ሳቅ ፈልጎ የመጣ መቶ ሺህ ሰው ለዚህ ኩባንያ ምንም አይጠቅመውም።

«የምናውቀውን በነጻ ከጻፍነው ተፎካካሪ ይወስድብናል»

ይሄኛው ፍርሃት ከሁሉም ሥር የሰደደ ስለሆነ ረዘም አድርጌ አየዋለሁ።

በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ የገቢ ግብር አዋጁ ሲሻሻል ከግብር ነጻ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ፤ ቀጣዮቹ እርከኖችም ተለወጡ። በዚያ ሰሞን በየቢሮው የሚጠየቀው አንድ ነገር ነበር፦ «የእኔ ስንት ይሆናል?» ኩባንያችን ገጹ ላይ ይህንኑ የሚመልስ ጽሑፍ አወጣ እንበል። 12,000 ብር ለሚከፈለው ሠራተኛ እንዲህ ያሳየዋል። የመጀመሪያው 2,000 ብር ላይ ግብር የለም። ከዚያ እስከ 4,000 ባለው 15 በመቶ፣ ማለትም 300 ብር፤ እስከ 7,000 ባለው 20 በመቶ፣ 600 ብር፤ እስከ 10,000 ባለው 25 በመቶ፣ 750 ብር፤ በቀረው 2,000 ብር ላይ 30 በመቶ፣ 600 ብር። ድምሩ 2,250 ብር ነው። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ፣ 840 ብር ሲቀነስ እጁ ላይ የሚገባው 8,910 ብር ይሆናል። በድሮው እርከን ግብሩ ብቻ 2,700 ብር ነበር።

ይህን የጻፈ ኩባንያ ምን አጣ? አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ የወጣ ነው፣ ተፎካካሪውም ያውቀዋል። ያተረፈውን ግን እንቁጠር። ስሌቱን ያየው የሒሳብ ሠራተኛ ለአንድ ሰው ሲሠራው ቀላል ነው፤ ለአርባ ሠራተኛ፣ ከትርፍ ሰዓት፣ ከአበልና ከብድር ተቀናሽ ጋር በየወሩ መሥራት ሲመጣ ግን ወገቡን ይይዛል። ያኔ ስልክ የሚደውለው መጀመሪያ በትክክል ላስረዳው ድርጅት ነው። ሶፍትዌሩን መግዛት የማይችለው ባለ ሦስት ሠራተኛ ሱቅም ሳይከፍል ተጠቅሟል፤ መስጠትና ማግኘት እዚህ ላይ አንድ ገጽ ሆኑ።

ከውጭም ምሳሌ አለ። ሰርቨር (ድረ ገጾችና ፕሮግራሞች የሚቀመጡበትን ኮምፒውተር) የሚያከራየው የአሜሪካው ዲጂታልኦሽን የታወቀው ሰርቨር እንዴት እንደሚተከልና እንደሚጠበቅ ደረጃ በደረጃ በሚያስረዱ ነጻ ጽሑፎቹ ነው። ትምህርቱ በሌላ ኩባንያ ሰርቨር ላይም ይሠራል፣ ከልካይ የለውም። አልፎ ተርፎም ከውጭ ለሚጽፉለት ባለሙያዎች እየከፈለ፣ በስማቸው ለበጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘብ የሚለግስበት ፕሮግራም አቋቁሞ ነበር።

እኛ ሀገር ደግሞ አቢሲኒያ ሎው የተባለው ገጽ አለ። አዋጆችን፣ የሰበር ውሳኔዎችንና የጠበቆችን ጽሑፎች በነጻ ያቀርባል። የሕግ ተማሪ የነበረ ሁሉ ውለታው አለበት ብል ማጋነን አይመስለኝም። እዚያ ላይ በሚገባ የጻፈ ጠበቃ ስሙን የሚያነበው የነገ ደንበኛው ነው።

«መስጠት ካደግን በኋላ ይደርሳል»

ሩቢ ኦን ሬይልስ የተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር በ2004 እ.ኤ.አ. በነጻ ሲለቀቅ፣ የለቀቀው ኩባንያ በጣት የሚቆጠሩ ሠራተኞች የነበሩት ነው። ቤዝካምፕ የተባለውን የሥራ ማስተባበሪያ ሲሠሩ የተጠቀሙበትን መሣሪያ ነጥለው ለዓለም ሰጡት። የኦንላይን ሱቅ መክፈቻው ሾፒፋይ የተሠራው በዚያው ነው። ሰጪዎቹም ቤዝካምፕን መሸጣቸውን አላቋረጡም። ትልቅ መሆን ቅድመ ሁኔታ አልነበረም።

«ቴሌግራም ቻናል ካለን ድረ ገጽ ምን ያደርጋል?»

ቴሌግራምን ማንም አይንቀውም፤ ደንበኛው ያለው እዚያ ነው። ችግሩ የትናንቱ ጽሑፍ ነው። ያን የደመወዝ ስሌት ሰኞ ቻናል ላይ ብትለጥፉት ዓርብ በሃያ ልጥፍ ተቀብሯል። ከስድስት ወር በኋላ አዲስ የተቀጠረች የሒሳብ ሠራተኛ ጎግል ላይ «የደመወዝ ግብር ስሌት» ብላ ስትፈልግ የሚመጣላት ድረ ገጽ ያለው ሰው ጽሑፍ ነው።

ሌላም አለ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ሀገር ውስጥ ተገድበው ነበር። ሙሉ ንግዳቸው ቻናላቸው ላይ የነበረ ሰዎች ደንበኛቸው ቪፒኤን እስኪጭን መጠበቅ ነበረባቸው። በራሳችሁ ዶሜን (የድረ ገጽ አድራሻ) የተቀመጠ ጽሑፍ በእንዲህ ያለ ጊዜም መነበቡን ይቀጥላል፤ ኢንተርኔቱ ራሱ ካልጠፋ ማለቴ ነው። ስለዚህ ሙሉ ጽሑፉ ድረ ገጹ ላይ ይቀመጥ፣ ሁለት መስመርና ሊንኩ ቻናሉ ላይ ይለጠፍ።

«በእንግሊዝኛ ካልሆነ አይፈለግም»

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጎግልም አማርኛ ያነባል። የአማርኛ ጽሑፍ የማይገኝበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ አቀማመጡ ነው። መመሪያው በሞባይል ፎቶ ተነስቶ እንደ ምስል ይጫናል፤ ወይም በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተተየበ ሰነድ ስለሆነ ኮፒ ሲደረግ የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ያንኑ መመሪያ በንጹሕ ጽሑፍ ተይቦ የሚያስቀምጥ ኩባንያ ተፎካካሪ የለውም ማለት ይቀላል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ «ድርጅት»ን ሁሉም አንድ ዓይነት ይጽፈዋል፣ «ሒሳብ»ን ግን አንዱ በሐመሩ ሐ፣ ሌላው በሃሌታው ሀ ይጽፈዋል። ርዕሱ ላይ አንዱን፣ ጽሑፉ ውስጥ ሌላውን መጠቀም ነውር የለውም።

«በኦንላይን ክፍያ መቀበል እዚህ አይሠራም»

ይህ ከጥቂት ዓመታት በፊት እውነት ነበር። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከጀመረ፣ እንደ ቻፓ ያሉ የክፍያ መተላለፊያዎችም ፈቃድ ካገኙ ወዲህ ገጽ ላይ የክፍያ ቁልፍ ማድረግ ይቻላል። ብዙዎች ግን ዛሬም «ከፍለህ ስክሪንሾት ላክ» ላይ ናቸው። ይህም ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ስክሪንሾት ከባንክ መልእክት ጋር የሚያመሳክር አንድ ምስኪን ሠራተኛ ይፈልጋል፤ የተቀነባበረ ስክሪንሾትም ይመጣበታል። ከውጭ ገንዘብ ለመቀበል ግን አሁንም ያስቸግራል፤ ታዋቂው ዓለም አቀፍ የክፍያ መተላለፊያ ስትራይፕ ኢትዮጵያ ውስጥ ለተመዘገበ ኩባንያ ሒሳብ አይከፍትም።

«ማሠሪያው ውድ ነው»

ዎርድፕረስ የተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ አለ። የሚከፈለው ለዶሜንና ለሆስቲንግ (ገጹ ለሚቀመጥበት ሰርቨር ኪራይ) ነው፣ በብር የሚያስከፍሉ ሻጮችም አሉ። ውድ የሚሆነው ለአንባቢው ነው፦ ከስልክ በቀጥታ የተጫነ ባለ 4 ሜጋባይት ፎቶ ገጽ በተከፈተ ቁጥር የሰው ካርድ ይበላል። ፎቶው ይቀነስ።

«በነጻ ስለሆነ ኃላፊነት የለብንም»

ያን የድሮ የግብር እርከን ሳያስተካክል የተወ ገጽ 12,000 ብር ለሚከፈለው ሰው 2,700 ብር ይለዋል። የ450 ብር ስህተት ነው፤ አምኖት የቆረጠ ቀጣሪ ከሠራተኛው ጋር ይጣላል። ጽሑፉ መጨረሻ የታየበት ቀንና የተመሠረተበት አዋጅ ከላይ ይጻፍ።

ስም፣ ስልክና ደመወዝ የምትሰበስቡ ከሆነ ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይመለከታችኋል። ገጹ ላይ የደመወዝ ግብር የሚያሰላ ካልኩሌተር ከማቅረባችሁ በፊት ባለሙያችሁን አንድ ነገር ጠይቁት፦ ስሌቱ በአንባቢው ስልክ ላይ ብቻ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል። እንዲህ ከሆነ የማንም ደመወዝ ወደ ሰርቨራችሁ አይመጣም።