የአደጋ ፍርስራሽ ማንሣትና የፌዴራል ወጪ ተመላሽ በአሜሪካ

በአሜሪካ ከባድ አውሎ ነፋስ፣ ጎርፍ ወይም ሰደድ እሳት ባለፈ ማግስት የከተማና የካውንቲ አስተዳደሮች ከሁሉ አስቀድመው የሚገቡበት ሥራ የተዘጋ መንገድ መክፈትና ፍርስራሽ ማንሣት ነው። ሒሳቡን መጀመሪያ የሚከፍለው አካባቢው ራሱ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ድርሻውን የሚተካው ሰነዱ ተመርምሮ ሲያልፍ ነው፤ ይህም ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይወስዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ሥራ፣ ማለትም አስተዳደሮች ያወጡትን ገንዘብ እንዲያስመልሱ ማገዝ፣ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። በአማርኛ የተሰናዳ ማጣቀሻ ስላላገኘሁለት በሥራው መመሪያዎች ላይ ተመሥርቼ እነሆ አቅርቤዋለሁ።

የሕግ መሠረት

ፌማ የተባለው የፌዴራል የአደጋ ጊዜ አስተዳደር መሥሪያ ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ የሚሠራበት የስታፎርድ ሕግ ደግሞ የ1974ቱን የአደጋ ዕርዳታ ሕግ አሻሽሎ በ1988 ወጣ። ፕሬዚዳንቱ ከባድ አደጋ መድረሱን ሲያውጁና ካውንቲው በአዋጁ ውስጥ ለዚህ ዕርዳታ ሲሰየም፣ አስተዳደሩ በ30 ቀናት ውስጥ ጥያቄውን በስቴቱ በኩል ያቀርባል። ሥራዎቹ ከኤ እስከ ጂ በሰባት ዘርፍ የተከፈሉ ሲሆን ፍርስራሽ ማንሣት የመጀመሪያው፣ ዘርፍ ኤ ነው።

ወጪው ተቀባይነት የሚያገኘው ፍርስራሹ በዚያው አደጋ የመጣ፣ በተሰየመው አካባቢ ውስጥ ያለና ለማንሣት የአስተዳደሩ ሕጋዊ ኃላፊነት የሆነ እንደሆነ ነው። ለሕዝብ ጤናና ደኅንነት የሚያሰጋ ወይም የአካባቢውን ኢኮኖሚ ማገገም የሚያውክ መሆኑም መታየት አለበት። የፌዴራሉ ድርሻ ከ75 በመቶ አያንስም። ቀሪውን ስቴቱና አካባቢው እንደየስቴቱ ደንብ ይሸከሙታል። በጎ ፈቃደኞች የሠሩበት ሰዓት በአግባቡ ከተመዘገበ ከዚህ ቀሪ ድርሻ ላይ ሊታሰብ ይችላል። የየቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶች ጋሪና መጋዝ ይዘው ሲወጡ የስም መፈረሚያ ወረቀት አብሮ መውጣት ያለበት ለዚህ ነው።

ትኬቱ

የሥራው ልብ የጭነት ትኬት ነው። እያንዳንዱ የጭነት መኪና ከመሰማራቱ በፊት የጭነት ሳጥኑ ውስጥ ለውስጥ ይለካል፤ የሚይዘው መጠን በኪዩቢክ ያርድ ተሰልቶ በትልቁ ይጻፍና ጎኑ ላይ ይለጠፋል። መንገድ ዳር የቆመ ሞኒተር፣ ማለትም ሥራውን የሚከታተል ተቆጣጣሪ፣ ፍርስራሹ የተነሣበትን ቦታ፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የመኪናውን ቁጥርና የፍርስራሹን ዓይነት ይመዘግባል። መኪናው ጊዜያዊ ማከማቻው በር ሲደርስ ማማ ላይ የቆመ ሌላ ሞኒተር ሳጥኑን ከላይ አይቶ ምን ያህል እንደሞላ በመቶኛ ይወስናል። 40 ኪዩቢክ ያርድ የሚይዝ መኪና 75 በመቶ ሞልቶ ከመጣ የሚታሰበው 30 ነው። ቅርንጫፍ ሲጫን በየመካከሉ ክፍተት ስለሚተርፍ ከታች ያለው ሾፌር ሙሉ ነው ብሎ ይሟገታል፤ ከላይ ያለው ሞኒተር ግን ያየውን ብቻ ይጽፋል። በነሐሴ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ማማ ላይ ቆሞ ይህን በታማኝነት የሚሠራ ሰው የሕዝብን ገንዘብ እየጠበቀ ነው፤ ምስጋናው ግን እምብዛም አይደርሰውም። ቀድሞ ትኬቱ ብዙ ቅጂ ያለው ወረቀት ነበር፤ አሁን በአብዛኛው በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ይሞላል።

ዛፍ ላይ ተሰብሮ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ የሚታሰበው ውፍረቱ ከ2 ኢንች ሲበልጥና በሕዝብ መተላለፊያ ላይ ሲያሰጋ ነው። ለዚያም ፎቶግራፍና የቦታ መለያ ይጠየቃል። ነዋሪዎችም የሚያግዙበት መንገድ አለ። ቅርንጫፉን፣ የግንባታ ፍርስራሹን፣ ማቀዝቀዣና ምድጃውን፣ ኤሌክትሮኒክሱን፣ ቀለምና ኬሚካሉን ለየብቻ መንገድ ዳር ቢያስቀምጡ ማንሣቱም ምዝገባውም ይቀላል።

ከካትሪና እስከ ሳንዲ

በነሐሴ 2005 የደረሰው ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ከ100 ሚሊዮን ኪዩቢክ ያርድ በላይ ፍርስራሽ ትቶ ሄደ። ሰፊውን ክፍል የሠራዊቱ የምሕንድስና ክፍል በፌዴራል ውል አነሣው፤ ሌሎች አስተዳደሮች የራሳቸውን ተቋራጭ ቀጥረው ወጪያቸውን አስመለሱ። የትኛው መንገድ ርካሽ ነበር በሚለው ላይ ክርክሩ ዛሬም አለ። የአካባቢውን ጎዳናና ሰው የሚያውቀው አስተዳደር ራሱ ሲመራው ግን ሥራው እንደሚቀና አያጠራጥርም። በ2007 ፌማ ስለ ፍርስራሽ ብቻ ሰፊ መመሪያ አሳተመ። በዚያው ጊዜ በተጀመረ የሙከራ ፕሮግራም አስቀድመው የፍርስራሽ ዕቅድ ላዘጋጁ አካባቢዎች የተሻለ የፌዴራል ድርሻ ተሰጠ።

ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ በጥቅምት 2012 ከደረሰ በኋላ በጥር 2013 የወጣው ሕግ ይህንን አሰፋው። ፈጥኖ ላነሣ የሚጨምር የድርሻ መሰላል መጣ፤ በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት 85 በመቶ፣ እስከ 90ኛው ቀን 80፣ እስከ 180ኛው ቀን 75። ይህ መሰላል ኋላ ቀርቷል። የአስተዳደሩ ቋሚ ሠራተኞች በመደበኛ ሰዓት የሠሩት እንዲታሰብ መፈቀዱም የዚሁ ሕግ ፍሬ ነው። ከዚያ በፊት በመደበኛው የሚታሰበው ትርፍ ሰዓታቸው ብቻ ነበር።

ገንዘቡ የሚጠፋበት

ትንንሽ ካውንቲዎችን በብዛት የሚጎዳው የውል አሰጣጥ ነው። ፍርስራሹ በትክክል ተነሥቶ ሳለ ተቋራጩ ያለ ውድድር ስለተመረጠ ብቻ ኦዲተሮች ገንዘቡ እንዲመለስ የጠየቁበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በወጪው ላይ በመቶኛ ትርፍ የሚያስከፍል ውል ፈጽሞ የተከለከለ ነው። አስቸኳይ ሁኔታ ያለ ጨረታ መቅጠርን የሚፈቅደው አስቸኳይነቱ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። መድኃኒቱ ጨረታውን አውሎ ነፋስ በሌለበት ወቅት አውጥቶ ውሉን ፈርሞ መጠበቅ ነው። ሞኒተሩን የሚቀጥረው ድርጅትና ፍርስራሹን የሚያነሣው ተቋራጭ ከአንድ ኪስ እንዳይሆኑም አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

በግል ይዞታ ውስጥ ያለ ፍርስራሽ በመደበኛው አይታሰብም። እሳት ሰፈር ሲያወድም ግን የሕዝብ ጤና ጉዳይ ስለሚሆን፣ ፌማ ሲፈቅድና ባለቤቱ የመግቢያ ፈቃድ ሲፈርም ይነሣል። በ2018 የካሊፎርኒያዋ ፓራዳይዝ፣ በ2023 በሃዋይ የማዊ ደሴቷ ላሃይና፣ በጥር 2025 ደግሞ የሎስ አንጀለስ አካባቢ ከተቃጠሉ በኋላ በየግቢው የተሠራው እንዲህ ነው። አመዱ ውስጥ አስቤስቶስና ከባድ ብረቶች ስለሚኖሩ ከአውሎ ነፋስ ፍርስራሽ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

በ2018 የወጣው የአደጋ ማገገሚያ ማሻሻያ ሕግ አስተዳደሮች ለማስተዳደሪያ ወጪ ከዕርዳታው እስከ 5 በመቶ እንዲያገኙ ፈቀደ። አማካሪ ለመቅጠር ወይም የራሳቸውን ጸሐፊ ለዚህ ሥራ ለመመደብ የሚያስችላቸው ይህ ገንዘብ ነው። የአማካሪዎች ክፍያ ውድ ነው የሚል ቅሬታ ይሰማል። ጥያቄው ውድቅ የተደረገበት አስተዳደር በ60 ቀናት ውስጥ ይግባኝ ይላል፤ ሁለተኛ ደረጃ ይግባኝም አለ። ከ500,000 ዶላር በላይ ለሆነ ክርክር፣ ለገጠር አካባቢ ከ100,000 በላይ፣ ወደ ግልግል ዳኝነት መሄድ ይቻላል። ትኬቶቹ፣ ፎቶዎቹና የክፍያ ሰነዶቹ ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላም ቢያንስ 3 ዓመት ተጠብቀው ይቀመጣሉ፤ ኦዲተር ከዚያ በፊት በማንኛውም ቀን ሊጠይቃቸው ይችላል።