የአሜሪካ ሕገ መንግሥትና ሃይማኖት፦ ግንቡን ያስገነቡት አማኞቹ ናቸው

ዲሲ አካባቢ የሚኖር አንድ ዘመዴ ለዜግነት ፈተና እያጠና ነው። ባለፈው ደውሎ «ስማ እስቲ፣ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ውስጥ እግዚአብሔር ስንት ጊዜ ተጠርቷል?» አለኝ። «አንዴም» አልኩት። አላመነኝም። «ዶላሩ ላይ 'በእግዚአብሔር እንታመናለን' የሚል ተጽፎ የለም እንዴ!» ብሎ ጮኸብኝ። ክርክሩ አንድ ሰዓት ፈጀ። ሰው ሁሉ እንደ እውነት ከሚቀባበላቸው ነገሮች ብዙዎቹ በዚያች ስልክ ላይ ስለተነሱ እዚህ ላስፍራቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«ሕገ መንግሥቱ በእግዚአብሔር ስም ይጀምራል»

አይጀምርም። «እኛ ሕዝቦች» ብሎ ነው የሚጀምረው። መጨረሻው ላይ ቀኑን ሲጽፉ «በጌታችን ዓመት 1787» ይላል፣ ግን እኛ ዓ.ም. ብለን ስንጽፍ ስለ ምሕረት እንደምናስበው ያህል ነው። ፕሬዚዳንቱ ሕግ ለመፈረም ካሉት አሥር ቀናት እሑድ እንደማይቆጠርም ተጽፏል። ከዚህ ውጭ በ1787ቱ ጽሑፍ ሃይማኖት የሚነሳው አንቀጽ 6 ላይ ነው፤ እሱም ለመንግሥት ሥልጣን ማንም ሰው በሃይማኖቱ እንዳይመዘን ይከለክላል።

ሰው የሚያምታታው ከ1776ቱ የነፃነት አዋጅ ጋር ነው። እዚያ ላይ ፈጣሪ በግልጽ አለ። አዋጁ ግን ከእንግሊዝ ንጉሥ ለምን እንደተለዩ የሚናገር እንጂ አገሩ እንዴት እንደሚተዳደር የሚደነግግ አይደለም። የዶላሩ ጽሑፍ ደግሞ ሌላ ዘመን ነው፦ ሳንቲም ላይ የገባው በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ በ1864፣ ወረቀት ብር ላይ የወጣው ከ1957 ጀምሮ፣ ከኮሚኒስቶች ጋር በተፋጠጡበት ሰሞን። ዘመዴ እዚህ ጋ ትንሽ ዝም አለ።

«ጉባኤው በየጠዋቱ በጸሎት ይከፈት ነበር»

ይቺን በጣም ነው የምወዳት፣ ምክንያቱም እውነቱ ከተረቱ ይበልጣል። ሰኔ 28 ቀን 1787፣ ፊላደልፊያ፣ ሕገ መንግሥቱ የሚረቀቅበት ጉባኤ። ትልልቆቹና ትንንሾቹ ግዛቶች በምክር ቤት ውክልና ተጣልተው ነገሩ ሊፈርስ ደርሷል። የ81 ዓመቱ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ተነሳና፣ ድንቢጥ ያለ እግዚአብሔር ፈቃድ መሬት ካልወደቀች መንግሥት ያለ እሱ እርዳታ ይቆማል ወይ ብሎ ጠየቀ። «እግዚአብሔር ቤትን ካልሠራ ሠራተኞች በከንቱ ይደክማሉ» የሚለውን መዝሙረ ዳዊት ጠቀሰ። ከዚያ በየጠዋቱ ቄስ መጥቶ ይጸልይልን አለ።

ምን መለሱለት? አንዱ የሰሜን ካሮላይና ተወካይ «ለቄስ የምንከፍለው ገንዘብ የለንም» አለ። ሌሎች ደግሞ አሁን ቄስ ብንጠራ ውጭ ያለው ሰው ተጣልተዋል ብሎ ይጠረጥራል ብለው ፈሩ። ድምፅ ሳይሰጥበት ተበተኑ። ፍራንክሊንም በንግግሩ ወረቀት ላይ፣ ከሦስት ወይም ከአራት ሰው በቀር ጉባኤው ጸሎት አያስፈልግም ብሎ አሰበ የሚል ማስታወሻ ጻፈ። ጸሎት የጠየቀው ሰውዬ ቤተ ክርስቲያን በመሳም የሚታወቅ እንኳ አልነበረም!

«እንግዲያው ሁሉም እምነት የለሾች ነበሩ»

ይሄም ልክ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ማስረጃ ተደርጎ የሚጠቀሰው ቶማስ ጀፈርሰን ነው፤ ወንጌልን በምላጭ እየቆረጠ ተአምራቱን አውጥቷል፣ እውነት ነው። ግን ጀፈርሰን ጉባኤው ላይ አልነበረም፣ ፓሪስ አምባሳደር ነበር። ከተሰበሰቡት 55 ሰዎች አብዛኞቹ የአንዱ ወይም የሌላው ቤተ ክርስቲያን አባላት ናቸው፣ ሁለት ካቶሊኮችም ነበሩበት።

የሕገ መንግሥቱ ዋና አርቃቂ ጄምስ ማዲሰን ደግሞ ፕሪንስተን የተማረው ጆን ዊዘርስፑን ከሚባል የፕሪስቢቴሪያን ቄስ ሥር ነው፤ ከተመረቀ በኋላም እዚያው ቆይቶ ዕብራይስጥ አጥንቷል። በ1788 «ሰዎች መላእክት ቢሆኑ ኖሮ መንግሥት ባላስፈለገ» ብሎ የጻፈው እሱ ነው። ሥልጣንን በሦስት መክፈሉ ከፈረንሳዩ ሞንቴስኪዩ፣ ከእንግሊዝ ሕግና ከሮም ታሪክ የመጣ ነው። ሰውን ያለማመኑ ነገር ግን፣ በኔ ግምት፣ የአዳም ልጅ ወዳቂ ነው ከሚለው ስብከትም ብዙ ወስዷል።

«ፒዩሪታኖቹ የሃይማኖት ነፃነት ይዘው መጡ»

ፒዩሪታኖቹ ከእንግሊዝ የመጡ ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች ናቸው፤ ነፃነቱን የፈለጉት ግን ለራሳቸው። ማሳቹሴትስ ውስጥ የተለየ ያስተማረውን ሮጀር ዊሊያምስን አባረሩት፣ ሄዶ በ1636 ፕሮቪደንስን መሠረተ። ኩዌከር ከሚባለው የክርስቲያን ወገን የሆነችውን ሜሪ ዳየርን በ1660 ቦስተን ላይ ሰቀሏት። ግን ያወረሱት አንድ ትልቅ ነገር አለ፣ ኪዳን። በ1620 ሜይፍላወር መርከብ ላይ 41 ወንዶች እንደ ብሉይ ኪዳኑ ሕዝብ በእግዚአብሔር ፊት ቃል ተጋብተው፣ አንድ ሆነን እንተዳደራለን ብለው በወረቀት ፈረሙ። መንግሥት በጽሑፍ ስምምነት ይቆማል የሚለው ልማድ እዚያ ሰፈር ሥር ሰደደ።

«ሃይማኖትና መንግሥትን የለዩት የእምነት ጠላቶች ናቸው»

ዘመዴ እዚህ ጋ ነው የተናደደው። እኔም እዚህ ጋ ነው የማልሸነፈው።

ቨርጂኒያ ውስጥ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ሃይማኖት ነበር። ባፕቲስትም ሁን ኩዌከር፣ ለአንግሊካኑ ቄስ ደመወዝ ግብር ትከፍላለህ። ባፕቲስት ሰባኪዎች «ያለ ፈቃድ ሰበካችሁ፣ ሰላም አወካችሁ» እየተባሉ ይታሰሩ ነበር፤ በእስር ቤቱ መስኮት ብረት በኩል ውጭ ለቆመው ሕዝብ የሰበኩም አሉ። ማዲሰን በ22 ዓመቱ፣ ጥር 1774፣ ጎረቤት አውራጃ ውስጥ በእምነታቸው ምክንያት የታሰሩ አምስት ስድስት ሰዎች እንዳሉ እያንገበገበው ለጓደኛው ጽፏል።

ከነፃነት በኋላ ፓትሪክ ሄንሪ ለክርስቲያን አስተማሪዎች ሁሉ ግብር ይሰብሰብ የሚል ረቂቅ አመጣ። ለክርስትና የታሰበ ነው እኮ! ባፕቲስቶቹ ግን አቤቱታ እያስፈረሙ ተቃወሙ፤ ክርስቶስ የመንግሥት ደመወዝ አያስፈልገውም ባዮች ናቸው። ማዲሰንም በ1785 የራሱን አቤቱታ ጻፈ። ረቂቁ ሞተ፣ በምትኩ በ1786 የጀፈርሰን የሃይማኖት ነፃነት ሕግ ጸደቀ። በ1791 ደግሞ መንግሥት ሃይማኖት እንዳያቋቁም፣ እምነትንም እንዳይከለክል የሚያዘው የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ማሻሻያ መጣ። እሱም ቢሆን ያኔ ያሰረው የፌዴራሉን መንግሥት ብቻ ነው፤ ማሳቹሴትስ በግብር የሚደገፈውን ቤተ ክርስቲያን እስከ 1833 አልለቀቀም።

«በቤተ ክርስቲያንና በመንግሥት መካከል 'የመለያ ግንብ' የሚለው ሕገ መንግሥቱ ውስጥ አለ»

የለም። ጀፈርሰን ፕሬዚዳንት ሆኖ ጥር 1 ቀን 1802 በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ ነው። ለማን? ኮኔቲከት፣ ዳንበሪ ላሉ ባፕቲስቶች፤ ግዛታቸው የራሷ ቤተ ክርስቲያን ስለነበራት የእምነት ነፃነታችን እንደ ችሮታ ነው የሚታየው ብለው አመልክተውት ነበር።

የዚያኑ ዕለት ከማሳቹሴትስ፣ ከቼሻየር መንደር፣ ስጦታ ደረሰው። 560 ኪሎ የሚመዝን አንድ አይብ! ያመጣው ጆን ሊላንድ የሚባል ባፕቲስት ሰባኪ ነው፣ ድሮ ቨርጂኒያ ከማዲሰን ጎን ሆኖ የታገለ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ እሑድ፣ ሊላንድ ምክር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ሰበከ። የግንቡን ደብዳቤ የጻፈው ጀፈርሰንም መጥቶ፣ ቁጭ ብሎ አዳመጠው።