ቱኒንግ ቦክስ እና ሪማፕ ምንድን ናቸው? የትኛውስ ይሻላል?

የመኪናን ጉልበት ለመጨመር ዛሬ ሞተር መፍታት የግድ አይደለም። ሁለት አቋራጭ መንገዶች አሉ። አንደኛው በሞተሩ ሴንሰርና በገመዱ መካከል የሚሰካ ትንሽ ሳጥን ነው፤ ቱኒንግ ቦክስ ይባላል። ሁለተኛው የሞተሩ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ እዚያ የተጻፈውን ቁጥር መለወጥ ነው፤ ሪማፕ የሚባለው ይህ ነው። በማስታወቂያ ላይ ሁለቱም ያንኑ ውጤት የሚሰጡ ይመስላሉ፤ አሠራራቸው ግን ለየቅል ነው። ብዙ ሰው የሚመርጠው ዋጋቸውን አይቶ ነው። እኔ ግን አሠራራቸውን ሳያውቁ መምረጥ ለሞተሩ አደጋ አለው እላለሁ።

ሞተሩን የሚመራው ኮምፒውተር፣ ማለትም ኢሲዩ፣ የሚያውቀው ሴንሰሮች የነገሩትን ብቻ ነው። የአየሩን ግፊት፣ የነዳጁን ግፊት፣ የውሃውን ሙቀት፣ የሞተሩን ዙር ከእነሱ ተቀብሎ፣ ፋብሪካው ከጫነለት ሰንጠረዥ ጋር እያስተያየ ምን ያህል ነዳጅ መቼ እንደሚረጭ ይወስናል። ቱኒንግ ቦክስ ከሴንሰሩ የሚመጣውን መረጃ መንገድ ላይ ጠልፎ ይለውጠዋል። ሪማፕ ሴንሰሮቹን አይነካም፤ የሚለውጠው ሰንጠረዡን ነው።

የናፍጣ ሞተር እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1997 በአልፋ ሮሜዮ 156 ወደ የቤት መኪኖች ገበያ የገባውና ዛሬ በዘመናዊ የናፍጣ መኪኖች ሁሉ ማለት ይቻላል የሚገኘው ኮመን ሬይል የተባለው ሲስተም፣ ነዳጁን በአንድ የጋራ ቱቦ ውስጥ አምቆ ይይዛል። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ግፊቱ ጥቂት መቶ ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ነው፤ ነዳጅ መስጫው ሲረገጥ 1,600 ባርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ቱቦው ላይ ያለው ሴንሰር ይህን ግፊት ወደ ቮልት ለውጦ ለኮምፒውተሩ ይልካል። ኮምፒውተሩ 1,600 ባር ፈልጎ ቱቦው ውስጥ በእርግጥም 1,600 አለ እንበል። ሳጥኑ ቮልቱን ዝቅ አድርጎ ግፊቱ ከዚያ ያነሰ አስመስሎ ያቀርባል። ኮምፒውተሩም ጎደለ ብሎ ፓምፑን ይገፋል፤ እሱ 1,600 ደረስኩ ሲል ቱቦው ውስጥ ያለው እውነተኛ ግፊት 1,800 ሆኗል። ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ኢንጄክተር የሚከፈትበት ጊዜ አልተለወጠም፤ በዚያው ጊዜ ውስጥ ግን የበለጠ ነዳጅ ይገባል።

ምን ያህል የበለጠ? በኢንጄክተር ቀዳዳ የሚያልፈው ነዳጅ የሚጨምረው በግፊቱ ልክ ሳይሆን በግፊቱ ስኩዌር ሩት ነው። ከ1,600 ወደ 1,800 ባር መውጣት ግፊቱን በ12.5 በመቶ ሲያሳድግ ነዳጁን የሚያሳድገው በ6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በግፊት ብቻ 20 በመቶ ተጨማሪ ነዳጅ ለማስገባት 2,300 ባር መድረስ ያስፈልጋል። ለ1,600 የተሠራ ፓምፕና ኢንጄክተር ይህን ያህል አይሸከሙም፤ ገና ከዚያ በፊት የግፊት ማስተንፈሻው ቫልቭ ይከፈታል፣ ወይም ኮምፒውተሩ ራሱን ለመከላከል የሞተሩን ጉልበት ቆርጦ የቼክ ኢንጂን መብራት ያበራል። ስለዚህ የነዳጅ ግፊት ሴንሰር ላይ ብቻ የሚሰካ ሳጥን "30 በመቶ ጉልበት ይጨምራል" ተብሎ ሲሸጥ ቁጥሩን አትመኑት።

ከዚሁ የሚመጣ ሌላ አሳሳች ነገር አለ። ዳሽቦርዱ ላይ በመቶ ኪሎ ሜትር ይህን ያህል ሊትር የሚለው ቁጥር ከታንከሩ የሚለካ ሳይሆን ኮምፒውተሩ "ረጨሁ" ብሎ ከሚያምነው መጠን የሚሰላ ነው። ኮምፒውተሩ የግፊቱን እውነተኛ መጠን ስለማያውቅ ሳጥን የተሰካበት መኪና ከትክክለኛው ያነሰ ፍጆታ ያሳያል። "ሳጥኑን ከሰካሁ ወዲህ ነዳጅ ቆጠበልኝ" የሚለው ምስክርነት ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው። እውነቱን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ታንከሩን ጢም አድርጎ ሞልቶ፣ ነድቶ፣ እንደገና ሞልቶ፣ የገባውን ሊትር ለተነዳው ኪሎ ሜትር ያካፍል።

ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ባለው የቤንዚን ሞተር ላይ ሳጥኑ የሚጠልፈው የቱርቦውን የአየር ግፊት ሴንሰር ነው። ኮምፒውተሩ አየሩ አነሰ ብሎ ቱርቦውን የበለጠ ያስነፋዋል። ጥሩ የተባሉት ሳጥኖች ብዙ ሴንሰሮችን በአንድ ላይ ይዘው እንደ ሞተሩ ዙርና ጭነት ጭማሪውን ይመጥናሉ፤ እነዚህን ከርካሾቹ ጋር አንድ ላይ መኮነን ተገቢ አይሆንም። የአየር ሙቀት ሴንሰር ላይ ሬዚስተር ብቻ አስገብቶ ኮምፒውተሩ አየሩ የቀዘቀዘ እንዲመስለው የሚያደርገውን ግን በነፃም ቢሰጧችሁ አትቀበሉ። ነዳጅ መስጫው ላይ የሚሰካው ፔዳል ቦክስም ጉልበት አይጨምርም፤ ትንሽ ሲረገጥ ብዙ የተረገጠ ያስመስላል እንጂ።

ሪማፕ ላይ ባለሙያው ላፕቶፑን ከመሪው ሥር ባለው ኦቢዲ በተባለው የመመርመሪያ ሶኬት ያገናኛል። አንዳንድ የተቆለፈ ኮምፒውተር ግን ተፈትቶ ጠረጴዛ ላይ መሠራት አለበት። ፋይሉን ያነባል፣ ኦርጅናሉን ያስቀምጣል፣ ከዚያ ይለውጣል። ነዳጅ መስጫው ሲረገጥ የሚጠየቀው ጉልበት፣ ባለው አየር ልክ ነዳጁን የሚገድበው የጭስ ገደብ፣ ካምቢዮውን የሚጠብቀው የጉልበት ገደብ፣ የቱርቦው ግፊት፣ በቤንዚን ሞተር ደግሞ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት፣ ሁሉም የየራሳቸው ሰንጠረዥ አላቸው። ነዳጁ ሲጨመር አየሩም አብሮ ይጨመራል፤ ኮምፒውተሩም የሚሆነውን ሁሉ እያወቀ ይሠራል። የሪማፕ ትልቁ ብልጫ ይህ ነው። ቱርቦ ባለው ሞተር ከ20 እስከ 30 በመቶ ጭማሪ የተለመደ ነው። ቱርቦ በሌለው ሞተር ግን ከ5 እስከ 10 በመቶ ቢገኝ ነው፤ ለእሱ ገንዘብ ማውጣቱን አልመክርም።

አዲሱ ፋይል እየተጫነ ሳለ ባትሪው ቢደክምና ሥራው መሃል ላይ ቢቋረጥ ኮምፒውተሩ ዳግመኛ ላይነሳ ይችላል። ጠንቃቃ ባለሙያ ስለዚህ መጀመሪያ የሚያደርገው ቮልቱን የሚያረጋጋ ቻርጀር ባትሪው ላይ ማሰር ነው። ይህን ሳያደርግ ላፕቶፑን የሚከፍት ሰው ካያችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

ከፍ ያለ ቦታ ላይ የሚነዳ መኪና ደግሞ የራሱ ሒሳብ አለው። ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት 0.8 ባር ገደማ ነው። ቱርቦው 2 ባር እንዲያደርስ ቢፈለግ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ አየሩን ሁለት እጥፍ ማመቅ ይበቃዋል፤ እዚህ ግን ሁለት እጥፍ ተኩል ማመቅ አለበት። 2.3 ባር ቢጠየቅ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል፤ ቱርቦውም ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ይሽከረከራል። ፋብሪካው ለዚህ ብሎ ከፍታ ሲጨምር ግፊቱን የሚቀንስ ሰንጠረዥ አስቀምጧል። ጥሩ ሪማፕ ያንን ሰንጠረዥ አይነካውም። የግፊት ሴንሰሩን የሚያታልል ሳጥን ግን ኮምፒውተሩ ከወሰነው ገደብ በላይ ያስነፋል።

ታዲያ ሳጥን የሚመረጥበት ጊዜ የለም? አለ። መኪናው ገና ዋስትና ላይ ከሆነ፣ ወይም ኮምፒውተሩ እስካሁን የማይከፈት ዓይነት ከሆነ፣ ሳጥኑ ተነቅሎ ሞተሩ ወደነበረበት ይመለሳል። ሪማፕ ግን ብዙ ኮምፒውተሮች ስንት ጊዜ እንደተጻፈባቸው ስለሚቆጥሩ ዱካው ይቀራል፤ አስመጪው ጋራዥ አዲስ ሶፍትዌር ሲጭን ደግሞ ሪማፑ ሊጠፋ ይችላል። ሆኖም "አይታወቅባችሁም" ተብሎ ሳጥን ሲሸጥ ያሳዝነኛል። የግፊት ብልሽት ኮድ ከተመዘገበ ይታያል፤ ባይታይም እንኳ ራስ ያመጡትን ጉዳት ደብቆ ዋስትና መጠየቅ ማጭበርበር ነው። ኢንሹራንስም ለውጡ በጽሑፍ ካልተነገረው ካሳ ሊከለክል ይችላል።

ፍሪሲዮኑን ቀድሞ መፈተሽ ለሁለቱም ግዴታ ነው። በከፍተኛ ማርሽና በዝቅተኛ ዙር እየሄዳችሁ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ ርገጡ፤ የሞተሩ ዙር ሽቅብ እየወጣ ፍጥነቱ ካልተከተለው ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነውና ጭማሪ ጉልበት አይችልም። ኢንጄክተሩና ቱርቦውም እንዲሁ፤ የደከመ ሞተር ላይ የተጨመረ ጉልበት ብልሽቱን ያፋጥናል እንጂ አይሸፍነውም።

ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ዋስትናው ካለቀ እኔ ያለማመንታት ሪማፕን እመርጣለሁ፤ ያም በደንብ የሚሠራ ሰው ከተገኘ ነው። ከአንድ ቦታ የተገዛን ፋይል ለመጣው መኪና ሁሉ የሚጭን ሰው ከመካከለኛ ሳጥን የባሰ ነው። ከሥራው በፊትና በኋላ መኪናውን እየነዳ የነዳጁንና የቱርቦውን ግፊት፣ የተጠየቀውንና የተገኘውን ጎን ለጎን መዝግቦ የሚያሳያችሁን ፈልጉ። ስትከፍሉም የኦርጅናሉን ፋይል ቅጂ ተቀበሉ፤ ኮምፒውተሩ አንድ ቀን ወደ ፋብሪካው አሠራር እንዲመለስ ቢፈለግ የሚያስፈልገው እሱ ነው።