ስታይቬሰንት፦ በአንድ ፈተና የሚገባበት የኒው ዮርክ ትምህርት ቤት

በማንሃተን ደቡባዊ ክፍል፣ ሃድሰን ወንዝ ዳር የሚገኘው ስታይቬሰንት ክፍያ የማይጠየቅበት የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ተማሪዎቹ አሳጥረው «ስታይ» ይሉታል። ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከሦስት ሺህ በላይ ልጆች ይማሩበታል። አብዛኞቹ የገቡት ስምንተኛ ክፍል ሳሉ በወሰዱት ሦስት ሰዓት በሚፈጅ የሒሳብና የእንግሊዝኛ ፈተና ነው። የክፍል ውጤት፣ የመምህር ምስክርነት፣ ቃለ መጠይቅ ብሎ ነገር የለም። ስለዚህም የትምህርት ቤቱ ታሪክ ከሞላ ጎደል በሩ ለማን ይከፈት የሚለው ክርክር ታሪክ ነው። (ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀናቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሲጀመር ይህን ያህል የሚሻሙበት ቦታ አልነበረም። በ1904 በ155 ወንዶች ተማሪዎችና በ12 መምህራን የእጅ ሙያ ማስተማሪያ ሆኖ ተከፈተ። ከሦስት ዓመት በኋላ በምሥራቅ 15ኛ ጎዳና ወደተሠራለት ሕንፃ ገባ። በዚያን ጊዜ የማንሃተን ደቡብ ምሥራቅ ሰፈሮች ከምሥራቅ አውሮፓ በተሰደዱ አይሁዳውያን ቤተሰቦች ተጨናንቀው ነበር፤ ልጆቻቸውም ወደ ትምህርት ቤቱ ጎረፉ። በ1919 ክፍሎቹ አልበቃ ሲሉ የጠዋትና የከሰዓት ፈረቃ ተጀመረ፣ ተማሪም በውጤት መመረጥ ያዘ። በ1934 ደግሞ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ እገዛ የመግቢያ ፈተና ተዘጋጀ። ሊቃውንትን ለቅሞ የማውጣት ዓላማ ኋላ ላይ ቢጨመርበትም፣ የምርጫው መነሻ የወንበር እጥረት ነበር ማለት ይቻላል።

ትምህርት ቤቱ ስሙን ያገኘው ከተማዋ ኒው አምስተርዳም ትባል በነበረበት ዘመን የመጨረሻው የሆላንድ ገዢ ከነበረው ከፒተር ስታይቬሰንት ነው። አንድ እግሩ የእንጨት ስለነበረ የስፖርት ቡድኖቹን «ባለ እንጨት እግሮች» የማለት ልማድ ከሱ የመጣ ነው። ይኸው ሰው በ1654 ወደ ከተማዋ የመጡት አይሁዳውያን ስደተኞች እንዲባረሩ ለአለቆቹ ጽፎ አልተሳካለትም። በስሙ የተጠራውን ትምህርት ቤት በሃያኛው ክፍለ ዘመን የሞሉት የአይሁዳውያን ስደተኞች ልጆች መሆናቸውን ቢያይ ምን ይል ነበር? ከነዚያ ልጆች አንዱ ሮአልድ ሆፍማን ነው። ከናዚዎች ጭፍጨፋ ተርፎ በ1949 ኒው ዮርክ ገባ፣ በ1955 ከስታይ ተመረቀ፣ በ1981 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ጆሹዋ ሌደርበርግ፣ ሮበርት ፎገልና ሪቻርድ አክስልም ኖቤል ያገኙ የዚሁ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። የጃዝ ፒያኒስቱ ቴሎኒየስ መንክ ግን ገብቶ ሳይጨርስ ወጣ።

ሴቶች ለ65 ዓመታት አይገቡም ነበር። በ1969 መጀመሪያ አሊስ ደ ሪቬራ የምትባል የብሩክሊን ተማሪ በከተማው የትምህርት ቦርድ ላይ ክስ መሠረተች፤ ቦርዱም ክልከላውን አነሳ። በዚያው ዓመት መስከረም የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሴት ተማሪዎች ገቡ። ደ ሪቬራ ራሷ ቤተሰቧ ከተማውን ለቅቆ ስለሄደ በከፈተችው በር አልገባችም።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሌላ ጥያቄ ተነሣ፤ ፈተናው ለጥቁርና ለላቲኖ ልጆች አድልዎ አለበት ወይ የሚል። ከተማው ጉዳዩን ማጣራት ሲጀምር የፈተናው ደጋፊዎች ወደ ግዛቱ ዋና ከተማ ወደ ኦልባኒ ገሰገሱ። በ1971 የወጣው የሄክት ካላንድራ ሕግ ስታይቬሰንት፣ ብሮንክስ ሳይንስና ብሩክሊን ቴክ የተባሉት ሦስት ትምህርት ቤቶች በፈተና ብቻ እንዲያስገቡ ደነገገ። የከተማው ከንቲባ ከዚያ ወዲህ በስታይ አገባብ ላይ በራሱ ሥልጣን ብዙ ማድረግ አይችልም።

አሁን ያለው ባለ አሥር ፎቅ ሕንፃ የተከፈተው በ1992 ነው። ተንቀሳቃሽ ደረጃዎችና መዋኛ ገንዳ አለው፤ ተማሪዎቹም ሰፊውን አውራ ጎዳና በድልድይ ተሻግረው ይገባሉ። በግድግዳዎቹ ውስጥ 400 የመስታወት ሣጥኖች ተገጥመዋል። አብዛኞቹ ካለፉት ዓመታት ተማሪዎችና ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ ቅርሶች ይዘዋል፤ ሌሎቹ ባዶ የተተዉት የየዓመቱ ተመራቂዎች እስከ 2080 ድረስ አንድ አንድ እንዲሞሉ ነው። መስከረም 11 ቀን 2001 የዓለም ንግድ ማዕከል መንትያ ሕንፃዎች ሲፈርሱ ትምህርት ቤቱ በጥቂት መቶ ሜትሮች ርቀት ላይ ነበር። ተማሪዎቹ በእግራቸው ወደ ሰሜን ሸሹ፣ ሕንፃውም የነፍስ አድን ሠራተኞች ማረፊያ ሆነ። ልጆቹ ብሩክሊን ቴክ ውስጥ በፈረቃ ቆይተው ጥቅምት 9 ተመለሱ፤ ፍርስራሹ በጀልባ የሚጫነው ግን እዚያው አጠገባቸው ስለነበር ወላጆች ስለ አየሩ አብዝተው ተጨቃጨቁ።

ፈተናው የእኛን የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ያስታውሳል፤ ሆኖም አስቀድሞ የተቆረጠ የማለፊያ ነጥብ የለውም። በየዓመቱ ወደ 25 ሺህ ልጆች ይፈተኑና የሚመርጧቸውን ትምህርት ቤቶች በቅደም ተከተል ይጽፋሉ። ከዚያ ከከፍተኛው ነጥብ ጀምሮ ቁልቁል ይደለደላሉ፤ ወንበር ያለቀበት ነጥብ የዚያ ዓመት መቁረጫ ይሆናል። ዛሬ በዚህ ፈተና ከሚያስገቡት የከተማው ስምንት ትምህርት ቤቶች ከፍተኛው መቁረጫ ያለው ስታይ ነው። በ2019 ጥሪ ከደረሳቸው 895 ልጆች ጥቁሮቹ 7 ብቻ ሲሆኑ፣ ሁለት ሦስተኛው ገደማ የእስያ ተወላጆች ነበሩ። ብዙዎቹ እናት አባታቸው ከትንሽ ገቢ ላይ ቆጥበው ማጠናከሪያ ያስተማሯቸው የስደተኛ ልጆች ስለሆኑ፣ ነገሩን የሀብታምና የድሃ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማቅረብ አያስኬድም።

ከንቲባ ቢል ደ ብላሲዮ በ2018 ፈተናው ቀርቶ ከየመካከለኛ ትምህርት ቤቱ ምርጥ ተማሪዎች እንዲገቡ ሐሳብ አቀረበ፤ የገዛ ልጁ በዚሁ ፈተና ብሩክሊን ቴክ ገብቶ የተማረ ነው። ሐሳቡ ኦልባኒ ላይ ወደቀ። በእጁ የቀረው፣ ከመቁረጫው ለጥቂት ያነሱ የድሃ ቤተሰብ ልጆች በክረምት ተምረው የሚገቡበትን ፕሮግራም ማስፋት ነበር፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የእስያ ተወላጆች ማኅበራትና ወላጆች እሱንም ተቃውመው ክስ መሠረቱ።